"ሆድ ይፍጀው" እያልን ሆዳችንን ስንፈጀው፦ የአለቃ አድልዎ እና ጤናችን



ዛሬ የማነሳው ችግር ላብራቶሪ አያሳየውም፣ ራጅ ላይም አይወጣም። ግን በየሳምንቱ የምርመራ ክፍሌን በር የሚያንኳኳ ነው። በኢንቦክስም ብዙዎቻችሁ ትጽፉልኛላችሁ፦ "ዶክተር፣ አለቃዬ ከሌላው ለይቶ ያጠቃኛል። እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?"

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል። አሁን ጊዜ ከሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

በአንዲት ታካሚዬ ልጀምር። ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ።

በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ሴት ናት፤ በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። መጀመሪያ ስትመጣ "ጨጓራዬ ነው ዶክተር፣ ያቃጥለኛል" አለችኝ። መድኃኒት ጻፍኩላት። ከወር በኋላ ተመለሰች። ኢንዶስኮፒ ላክኋት፣ ደህና ነው የሚል ውጤት ይዛ መጣች። መድኃኒቱን ቀየርኩላት። ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ተጨምሮበታል። እሁድ እሁድ ማታም ያስመልሳታል።

እሁድ ማታ ብቻ? ያኔ ነው የነቃሁት።

"ሰኞ ምን አለ?" ስላት እንባዋ ቀደማት።

ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ወዲህ የቅርብ አለቃዋ ፊቱን አዙሮባታል። ስድስት ዓመት የሠራችበትን ሥራ ቀምቶ ፋይል ማደራጀት ላይ አስቀመጣት። ሥልጠና ሲመጣ ስሟ የለም። "አንቺ አሁን ልብሽ ቤት ነው" ይላታል፣ ሰው ፊት። እሷ ራሷ ሥራ ያስተማረችው ልጅ እድገት አገኘ፤ የእሷ የአፈጻጸም ውጤት ግን በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ለእናቷ ስትነግር፣ "ልጄ፣ እንጀራሽ ነው፤ ቻይው" አሏት። ባለቤቷም "ሆድ ይፍጀው በይና ተይው" አላት።

እሷም ሆድ ይፍጀው አለች። ሆዷም ፈጀው።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የኔም ነበር። ሁለት ጊዜ መድኃኒት ስጽፍላት "ሥራ እንዴት ነው?" ብዬ አልጠየቅኳትም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንዱ በዚያ ምክንያት ነው።

👉 አድልዎ ነው ወይስ ኃይለኛ አለቃ?

መጀመሪያ ይህን እንለይ። አለቃ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም። አርፍዳችሁ ስትገቡ የሚቆጣ፣ ሥራ በጊዜው ካልደረሰ የሚጮህ አለቃ ሊያበሳጫችሁ ይችላል። ጩኸቱ ልክ ነው እያልኩ አይደለም፤ ግን በሁሉም ላይ እኩል የሚጮህ ከሆነ ችግሩ የአመራር ጉድለት ነው። አድልዎ ግን ሌላ ነው። ራሳችሁን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦

1. ያንኑ ነገር ሌላ ሰው ቢያደርገው እንደኔ ይቀጣል? እኔ ያገኘሁትን ውጤት ሌላው ቢያገኝ እንደኔ ይታለፋል?

2. አንድ ቀን የተፈጠረ ነገር ነው ወይስ እየተደጋገመ ነው?

3. የሚያያዘው ከሥራዬ ጋር ነው ወይስ ከማንነቴ ጋር? ማለትም ከጾታዬ፣ ከብሔሬ፣ ከምናገረው ቋንቋ፣ ከሃይማኖቴ፣ ከእርግዝናዬ፣ ከአካል ጉዳቴ፣ ከሕመሜ?

ለሦስቱም መልሳችሁ ወደ አድልዎ የሚያመዝን ከሆነ "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" እያላችሁ ራሳችሁን መቅጣት አቁሙ። አድልዎ የሚደርስበት ሰው መጀመሪያ የሚጠራጠረው ራሱን ነው። "ምናልባት ሰነፍ ሆኜ ይሆናል" ይላል። ከዚያ ሌሊት ጭምር መሥራት ይጀምራል። ግን ችግሩ የሥራው ብዛት ስላልነበረ ምንም አይለወጥም፤ እሱ ብቻ ያልቃል።

በተቃራኒውም ልንገራችሁ። መልሱ "አይ፣ በሁሉም ላይ እንደዚህ ነው" ከሆነ ይህን ማወቅም በራሱ ያቀልላል። የሚያስፈልጋችሁ ከአስቸጋሪ ሰው ጋር መሥራት የሚቻልበት ዘዴ ነው እንጂ ክስ አይደለም።

👉 ሰውነታችን ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ሰውነታችን ጅብንና አለቃን አይለይም። አደጋ አለ ብሎ ካሰበ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን እና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ይረጫሉ። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፈጨት ሥርዓት ይዛባል።

ጅብ ሲሆን ጥሩ ነው። ወይ ትሮጣላችሁ ወይ ትታገላላችሁ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። አለቃ ሲሆን ግን አትሮጡም፣ አትታገሉም። ተቀምጣችሁ "እሺ" ትላላችሁ። ነገም ትመለሳላችሁ። ማንቂያ ደወሉ ለወራት ሳይጠፋ ይቆያል። ያኔ የሚከተሉት ይመጣሉ፦

✔ ጨጓራ፦ ጭንቀት ብቻውን የጨጓራ ቁስለት አያመጣም። የቁስለት ዋና ምክንያቶች ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ እና እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ነገር ግን ጭንቀት ሆድን ስሜታዊ ያደርገዋል። ቁስለት ሳይኖር ያቃጥላል፣ ይነፋል፣ ያስመልሳል። የታካሚዬም ይኸው ነበር።

✔ ራስ ምታት፣ የአንገትና የትከሻ ሕመም።

✔ እንቅልፍ ማጣት፦ በተለይ ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ነቅቶ የቀኑን ንግግር መልሶ መላልሶ ማውጠንጠን። "እንዲህ ብዬ በመለስኩለት ኖሮ..."

✔ ቶሎ መቆጣት፦ አለቃ ላይ ያልወጣው ንዴት ቤት ሲገባ ልጅ ላይ፣ ባል ላይ፣ ሚስት ላይ ይወጣል።

✔ ሲቆይ ደግሞ ድብርት፣ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም።

የልብ ሕመሙን ለማስፈራራት አይደለም የጠቀስኩት። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ለአሥርተ ዓመታት የተካሄዱ፣ "ኋይትሆል" በሚል ስም የሚታወቁ ትልልቅ ጥናቶች አሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው የተጀመረው። በዝቅተኛ እርከን ላይ ያሉ ሠራተኞች ከከፍተኞቹ ይልቅ በልብ ሕመም እንደሚሞቱ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመረው ሁለተኛው ጥናት ደግሞ "አለቃዬ በፍትሕ ነው የሚያስተዳድረኝ" ያሉ ሠራተኞች በኋለኞቹ ዓመታት በልብ ሕመም የመያዛቸው ዕድል ዝቅ ያለ መሆኑን አግኝቷል። ስለዚህ ፍትሕ የሕግ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የጤናም ጉዳይ ነው።

👉 የሚረዱን የሚመስሉ ግን የሚጎዱን ነገሮች

❌ መጠጥና ጫት፦ "ትንሽ ልርሳው" ተብሎ ይጀመራል። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ ግን የሌሊቱን እንቅልፍ ይቆራርጠዋል። ጫት ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል።

❌ ለራስ ምታቱ በየቀኑ ማስታገሻ መዋጥ፦ ከላይ እንዳልኩት ጨጓራን ይጎዳል። ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። በዚያ ላይ በሳምንት ብዙ ቀን የሚወሰድ ማስታገሻ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።

❌ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የእንቅልፍ መድኃኒት መግዛት፦ እንደ ዳያዜፓም ያሉት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሱስ ሊሆኑ ይችላሉ። ሐኪም ሲያዝዛቸው እንኳ ለአጭር ጊዜ ነው።

❌ የቢሮ ቡና ላይ ማውራት፦ ማውራት ጥሩ ነው፣ ግን ከማን ጋር? ለአምስት ሰው የነገራችሁት ከሰዓት በኋላ አለቃው ጆሮ ይደርሳል፤ ያውም ተጨማምሮበት።

❌ በንዴት መልቀቂያ ማስገባት፦ ለአንድ ቀን ደስ ይላል። በሚቀጥለው ወር የቤት ኪራይ ሲመጣ ግን ሌላ ጭንቀት ነው።

👉 ታዲያ ምን እናድርግ?

መቻል ሁሌ መጥፎ አይደለም። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ዛሬውኑ ጠረጴዛ ገልብጦ መውጣት አይችልም። እኔ የምለው ዝም ብሎ መቻልና እየተዘጋጁ መቻል ይለያያሉ ነው። የመጀመሪያው ያሳምማል፤ ሁለተኛው ግን አቅም ይሰጣል።

1. መዝግቡ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ ማን እንደነበረ፣ ምን እንዳስከተለ። "ሁሌ ይሰድበኛል" ማንንም አያሳምንም። "ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ፣ ስብሰባ ውስጥ፣ እነ እከሌ ባሉበት እንዲህ አለኝ" ግን ያሳምናል። የምትጽፉት በራሳችሁ ደብተር ወይም ስልክ እንጂ በቢሮ ኮምፒውተር አይሁን። የተሰጣችሁን የምዘና ውጤት፣ ደብዳቤና መልእክት ቅጂ አስቀምጡ። የድርጅቱን ምስጢራዊ ሰነድ ግን አታውጡ፤ በራሳችሁ ላይ ጥፋት ይሆናል። በድብቅ ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊትም የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

መመዝገብ የጤና ጥቅምም አለው። ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ሌሊት ጭንቅላት ውስጥ መሽከርከሩን ይቀንሳል። አሥር ደቂቃ ጻፉ፣ ደብተሩን ዝጉ፣ በቃ።

2. በጽሑፍና በትሕትና ጠይቁ። "ለምን ትበድለኛለህ?" ብላችሁ አትጀምሩ። ለምሳሌ እንዲህ በሉ፦ "በዚህ ሩብ ዓመት የምዘና ውጤቴ ከበፊቱ ቀንሷል። የቀነሰበት ነጥብ የቱ እንደሆነና እንዴት ማሻሻል እንደምችል ቢገለጽልኝ።" ወይም፦ "በወጣው የሥልጠና ዝርዝር ላይ ስሜ የለም። የመምረጫ መስፈርቱ ቢነገረኝ።" መስፈርት መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው። መልስ ከመጣ ትማሩበታላችሁ። ካልመጣም መጠየቃችሁ ራሱ ማስረጃ ነው።

3. ወደ ላይ አቅርቡ። ከቅርብ አለቃ በላይ ያለ ኃላፊ፣ የሰው ሀብት ክፍል፣ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ማኅበሩ። የአቤቱታችሁን ቅጂ አስፈርማችሁ ወይም ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ።

4. አንድ የምታምኑት ሰው ይኑራችሁ። ከቢሮ ውጭ ቢሆን ይመረጣል። እህት፣ የድሮ ጓደኛ፣ የንስሐ አባት፣ የሰፈር ሽማግሌ። ለእናንተ ለቤተሰቦችም አደራ አለኝ፦ ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ ሲነግራችሁ "ቻይው" ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው?" ያ ጥያቄ ብቻውን ሰውን ያስተነፍሳል።

5. ሰውነታችሁን አሳርፉ። የማንቂያ ደወሉን የሚያጠፉ ቀላል ነገሮች አሉ፦

– አራት እየቆጠራችሁ በአፍንጫ አየር አስገቡ፣ ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ለአምስት ደቂቃ። ከስብሰባ በፊት መጸዳጃ ቤት ገብታችሁም ቢሆን ማድረግ ትችላላችሁ።

– ከሥራ ስትወጡ አንድ ሁለት ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱና በእግር ሂዱ። ያልሮጣችሁትን ሩጫ ሰውነታችሁ በዚህ ያወጣዋል።

– ከምሽቱ በአንድ የተወሰነ ሰዓት የቢሮውን የቴሌግራም ግሩፕ ድምፅ አጥፉ። ስልኩ ከአልጋው ራቅ ብሎ ይደር።

– ከሰዓት በኋላ ቡና ቀንሱ።

6. መውጫ በር አዘጋጁ። ሲቪያችሁን አድሱ፣ የሥራ ማስታወቂያ ተከታተሉ፣ በየወሩ ትንሽም ቢሆን አስቀምጡ። ሌላ ቦታ ማግኘት እንደምትችሉ ማወቃችሁ ብቻ የአለቃውን ድምፅ ይቀንሰዋል። መልቀቅ መሸነፍ አይደለም። ግን አቅዳችሁ ልቀቁ።

👉 ሕጉ ምን ይላል?

እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ለራሳችሁ ጉዳይ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ግን ብዙ ታካሚዎቼ መብታቸውን ጭራሽ ስለማያውቁት መሠረታዊውን ላስቀምጥ። ይህ በኢትዮጵያ ላላችሁ ነው። በውጭ ያላችሁ የምትኖሩበትን አገር ሕግ ጠይቁ፤ የጤናው ክፍል ግን የትም አንድ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፦

✔ አሠሪ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤችአይቪ፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግ አይፈቀድለትም (አንቀጽ 14)።

✔ አሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ወይም መክሰስ ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም። እርግዝናና የቤተሰብ ኃላፊነትም እንዲሁ (አንቀጽ 26)። "አቤት ብል ያባርሩኛል" የሚለው ፍርሃት ከንቱ ነው አልልም፤ ግን ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው።

✔ አሠሪው ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመባችሁ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችላላችሁ (አንቀጽ 32)። ነገር ግን ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀማችሁበት ይቀራል። ያለ ማስጠንቀቂያ ለመልቀቅ ሕጉ የዘረዘረው ምክንያት ከሌላችሁ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ።

✔ ያለ አግባብ ተባርሬአለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ። "ትንሽ ልረጋጋ" እያሉ ጊዜው ያለፈባቸው ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ቀኑን ቁጠሩ።

✔ የሥራ ልምድ ማስረጃ በጠየቃችሁ ጊዜ ያለ ክፍያ ሊሰጣችሁ ይገባል። አለቃው "እከለክልሻለሁ" ማለት አይችልም።

✔ በሐኪም የተረጋገጠ የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልበታል።

የመንግሥት ሠራተኞች የምትተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ በመሥሪያ ቤታችሁ ካለው ቅሬታ ሰሚ አካል ጀምሩ። ለግል ድርጅት ሠራተኞች በየአካባቢው ያለው የሥራና ክህሎት ቢሮ አለ። ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

👉 መቼ ወደ ሐኪም?

እነዚህን ካያችሁ "ከሥራ ጭንቀት ነው" ብላችሁ አትቆዩ፦

🔴 ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገር

🔴 ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ በተለይ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንገጭላ የሚሄድ፤ ይህ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው

🔴 በተደጋጋሚ ተለክቶ ከ140/90 በላይ የሆነ የደም ግፊት

🔴 ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን የሚቆይ ሐዘን፣ ደስ ይል የነበረ ነገር ሁሉ ማስጠላት

🔴 "ባልኖር ይሻላል" የሚል ሐሳብ፤ ይህ ከመጣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂዱ

የአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ብቻ አይደለም ያለው። በብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም ይሰጣል። መሄድም ማበድ ማለት አይደለም።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ደግሞ ሥራችሁ ላይ ያለውን ነገር ንገሩን። እኛ ካልጠየቅናችሁ እናንተ ጀምሩት። ካርዳችሁ ላይ ይጻፋል፤ ለሕክምናውም ይጠቅማል፣ ምናልባትም አንድ ቀን ለማስረጃ።

ወደ ታካሚዬ ልመለስ።

ተአምር አልተፈጠረም። አለቃዋ አሁንም አለቃ ነው። እሷ ግን ደብተር ገዛች። ለሁለት ወር መዘገበች። ከዚያ የምዘና ውጤቷ የቀነሰበት ምክንያት እንዲገለጽላት በጽሑፍ ጠየቀች። መጀመሪያ ማንም አልመለሰላትም። ሁለተኛውን ደብዳቤ ለሰው ሀብት ክፍል አስገብታ ቅጂውን አስፈረመች። ከብዙ መመላለስ በኋላ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረች፤ በፊት ትሠራው የነበረውን ሥራ መልሳ አገኘች። ያመለጣት እድገት እስካሁን አልተመለሰላትም።

ባለፈው ለክትትል ስትመጣ "ጨጓራሽስ?" አልኳት።

"አልፎ አልፎ ነው ዶክተር። እሁድ ማታ ግን እራቴን በልቼ እተኛለሁ" አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ "ቻል አድርገው" ተብሎ ዝም ላለ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። በተለይ ሰው የምታስተዳድሩ አለቆች ደግሞ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ አስቡ፦ ከሥራችሁ ካሉት ሰዎች መካከል እሁድ ማታ እንቅልፍ የሚያጣ ይኖር ይሆን?

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ። የድርጅትና የሰው ስም ግን አትጥቀሱ።

መልካም ጤንነት! 🌿